ከአክሱም ሐውልት እስከ ከዚራ በረንዳ

ኦዌን ጆንስ የተባለ የለንደን አርክቴክት በ1856 «የጌጥ ሰዋስው» የሚል ግዙፍ መጽሐፍ አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መጽሐፉ ሃያ ምዕራፎችና መቶ ባለ ቀለም የሥዕል ገጾች ነበሩት። ግብፅ፣ አሦር፣ ግሪክ፣ ሮም፣ ቢዛንታይን፣ ዐረብ፣ ቱርክ፣ ፋርስ፣ ሕንድ፣ ቻይና፣ ሁሉም ድርሻቸውን አግኝተዋል። የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች በእንጨትና በጨርቅ ላይ የሚሠሩት ጌጥ እንኳ «የአረመኔ ነገዶች» በሚል የንቀት ርዕስ ከመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። ኢትዮጵያ ግን ምዕራፍ አልደረሳትም።

የኢትዮጵያ አንባቢ ንግሥት ቪክቶሪያን የሚያውቃት፣ በ1862 ከዐፄ ቴዎድሮስ ተልኮላት መልስ ባጣው ደብዳቤ ነው። በአገሯ ግን ዘመኗ የሚታወቀው በፋብሪካ ጭስ፣ በባቡርና በመጽሐፍ ብዛት ነበር። ከተሞች በየቀኑ ይሠራሉ፤ ለአዲሱ ሕንፃ ሁሉ ጌጥ ይፈለጋል። አርክቴክቱ፣ አናጢው፣ ድንጋይ ጠራቢውና ብረት አቅላጩ የሚመርጡበት የሥዕል መጽሐፍ ያሻቸው ነበር። ስለዚህ የዓለም ሕንፃዎች ጌጥ እየተነቀሰ፣ በመዳብና በእንጨት ላይ እየተቀረጸ፣ በገጽ በገጽ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ መዝገብ የቀረ ሕንፃ በሠለጠነው ዓለም ዓይን እንዳልተሠራ ይቆጠር ነበር።

ኢትዮጵያ ከጆንስ መጽሐፍ የቀረችው ሥዕል ጠፍቶላት አይደለም። የአክሱም ሐውልት ሥዕል ለንደን መጻሕፍት መደብር ከገባ በዚያን ጊዜ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር።

ሥዕሉን ያመጣው ሄንሪ ሶልት ነው። በ1805 ወደ ትግራይ ሲገባ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ የመጣውም ሎርድ ቫለንሺያ የተባሉ ባላባት ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ ነው። ራስ ወልደ ሥላሴ ተቀብለው አስተናገዱት። አክሱም ሲደርስ ቆሞ ያገኘውን ትልቁን ሐውልት ከሥር እስከ ጫፍ ሣለው፤ የንጉሥ ኢዛናን የግሪክ ጽሑፍም ገለበጠ። በ1809 የቫለንሺያ የጉዞ መጽሐፍ በሦስት ቅጽ ሲወጣ፣ ሶልት ደግሞ ሃያ አራት ትልልቅ ሥዕሎቹን ለብቻ አሳተመ፤ ሐውልቱም ከእነዚያ አንዱ ነው። በ1814 የራሱ መጽሐፍ ተከተለ።

ከሠዓሊው ደብተር እስከ መጽሐፉ ገጽ ያለው መንገድ ረጅም ነበር። ሶልት የሣለውን ወረቀት የሚቀበለው ሌላ ሰው ነው፤ ቀራጺው። ቀራጺው በጠፍጣፋ የመዳብ ሰሌዳ ላይ መስመሩን በሾለ ብረት ይፍቃል፣ ወይም መዳቡን በሰም ሸፍኖ መስመሩን ከገለጠ በኋላ አሲድ እንዲበላው ያደርጋል። አኳቲንት በሚባለው ዘዴ ደግሞ የደቀቀ ሙጫ በመዳቡ ላይ ነስንሶ በአሲድ ያስበላዋል፤ ጥላውና ደመናው የሚወጣው በዚህ ነው። ከዚያ ቀለም ይቀባል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ በፍቅፋቂው ውስጥ የቀረው ቀለም በከባድ መጭመቂያ ወደ እርጥብ ወረቀት ይተላለፋል። ውድ የሆኑት ቅጂዎች በመጨረሻ አንድ በአንድ በእጅ ቀለም ይቀቡ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ካለፉት እጆች መካከል አክሱምን በዓይኑ ያየው ሶልት ብቻ ነው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ቀራጺው ያላየውን ነገር ሲቀርጽ፣ የተጠራጠረውን መስመር በለመደው ይሞላል። ግሪክና ግብፅ ሲቀርጽ የኖረ እጅ አክሱምን ወደ ግሪክና ወደ ግብፅ ይጎትታል።

ከሶልት በፊት የነበረው ጄምስ ብሩስ ለዚህ ምሳሌ ነው። ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሲያልፍ አክሱምን አይቶ ነበር። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጎበዝ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር፤ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ፣ ብሩስም በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የሠዓሊውን ድርሻ አደብዝዞ አለፈው። ሶልት አክሱም ደርሶ የብሩስን ሥዕል ከድንጋዩ ጋር ሲያመሳክር የማይገናኙ ሆነው አገኛቸው፤ ይህንንም ሳይሸሽግ ጻፈ። የሁለቱ ሰዎች ክርክር ስለ ክብር ቢመስልም ፍሬው ሌላ ነው፤ የሐውልቱን ጌጥ መስኮት በመስኮት ቆጥሮና ለክቶ መሣል እንደሚያስፈልግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ይህ ክርክር ነው።

ጌጡስ ምንድን ነው? የአክሱም ትልልቅ ሐውልቶች ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ የፎቅ ቤት ምስሎች ናቸው። ከግርጌ የተዘጋ በር አለ፤ መዝጊያውና መቀርቀሪያው ሳይቀር በድንጋዩ ላይ ተጠርቧል። ከበሩ በላይ ፎቅ በፎቅ መስኮቶች ይደረደራሉ። በየፎቁ መካከል ክብ ክብ ጉብታዎች በረድፍ ወጥተዋል፤ ሰው «የዝንጀሮ ራስ» የሚላቸው። ግድግዳው አንዴ ወደ ውስጥ ገባ፣ አንዴ ወደ ውጭ ወጣ ይላል። ከጫፉ ላይ እንደ ጨረቃ የከበበ ራስ አለው።

ይህን ጌጥ ለዓለም የሕንፃ ታሪክ መጽሐፍ ያበቃው ጄምስ ፈርጉሰን ነው። ስኮትላንዳዊው ፈርጉሰን ቤንጋል ውስጥ በኒል ቀለም ንግድ ሀብት ካፈራ በኋላ የሕንድን ጥንታዊ ሕንፃዎች እየዞረ ያጠና ሰው ነበር። በ1860ዎቹ የወጣው የዓለም ሕንፃ ታሪኩ በመቶዎች በሚቆጠሩ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች የተሞላ ሲሆን፣ የአክሱም ሐውልትም በመጨረሻ በዚያ ውስጥ ቦታ አገኘ። ፍርዱ ግን አስገራሚ ነው። ፈርጉሰን ፎቆቹን ሲያይ ያስታወሰው በሕንድ የሚገኘውን የቦድ ጋያ ቤተ መቅደስ ነበር፤ ስለዚህ ሐውልቱ የሕንድ ባለ ብዙ ፎቅ መቅደስ በግብፅ መልክ ተቀርጾ ነው ብሎ ደመደመ። አሳቡ ከግብፅ፣ ጌጡ ከሕንድ። ለኢትዮጵያ ምን ቀረላት? ድንጋዩ ብቻ።

ፈርጉሰን የዋዛ ተመራማሪ አልነበረም። ያሳሳተው ማመሳከሪያው ነው፤ በእጁ የነበረው ሥዕል ሐውልቱን ከአካባቢው ቤቶች ነጥሎ፣ ባዶ ሰማይ ሥር ለብቻው አቁሞ የሚያሳይ ነበር። አንድ ጌጥ ከሰፈሩ ተነጥሎ በገጽ ላይ ሲቀመጥ የማንም ሊሆን ይችላል።

በእነዚያው ዓመታት የኢትዮጵያ ሥዕል ከሊቃውንት መጽሐፍ ወጥቶ ወደ እንግሊዝ ቤተሰቦች ጠረጴዛ ገባ። ምክንያቱ የመቅደላ ዘመቻ ነው። በ1842 የተመሠረተው «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ በክሪሚያ ጦርነት ሥዕሎቹ ስሙ የገነነውን ዊልያም ሲምፕሰንን በ1868 ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ሲምፕሰን ተራራውን፣ ሠራዊቱን፣ ገበያውንና አብያተ ክርስቲያናቱን እየሣለ በመርከብ ይልክ ነበር። ከዘመቻው ጋር የሄዱት የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶችም የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ነበር። ሆኖም በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍን በቀጥታ ከፊደል ጋር በጋዜጣ ላይ ማተም ስለማይቻል፣ ፎቶውም እንደ ንድፉ ሁሉ በእንጨት ቀራጺው እጅ ማለፍ ግዴታው ነበር።

የጋዜጣው አሠራር ራሱ ታሪክ ነው። ሥዕሉ የሚቀረጸው ቦክስዉድ በሚባል እጅግ ጠንካራ እንጨት ላይ፣ ግንዱ በአግድም በተቆረጠበት ፊት ነው። ዛፉ ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ሰሌዳ አይወጣውም፤ ስለዚህ ትናንሽ ቁራጮች በቡሎን ተያይዘው አንድ ሰሌዳ ይሆናሉ። ሥዕሉ ላዩ ላይ ከተነደፈ በኋላ ሰሌዳው ይፈታና ቁራጮቹ ለየቀራጺው ይታደላሉ፤ አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ድንጋዩን፣ አንዱ የሰዎቹን ልብስ ሌሊቱን ሲፍቅ ያድራል። ሲነጋ ሰሌዳው እንደገና ይገጠማል። በአሮጌ ጋዜጦች ሥዕል ላይ አንዳንዴ የሚታየው ቀጭን ነጭ መስመር የእንጨቶቹ መገጣጠሚያ ነው። መቅደላ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደቀ፤ የለንደን አንባቢም የመቅደላን አምባ የተመለከተው አገሩን ባላዩ ቀራጺዎች እጅ ተፈትቶና ተገጥሞ ነው።

ላሊበላ ተራዋን የጠበቀችው ትንሽ ዘግይታ ነበር። ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አይቶ በመደነቅ የጻፈ ቢሆንም፣ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ለአውሮፓ የቀረበ ዝርዝር የጌጥ ሥዕል አልነበረም። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስ በ1860ዎቹ አለፈባት፤ ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ ደግሞ በ1882 ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ብቻ የሚናገር ባለ ሥዕል መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳተመ። ዓይኑን የሰጠ ሰው የፈርጉሰንን ስሕተት ከላሊበላ ድንጋይ ላይ ማንበብ ይችል ነበር። የቤተ ጊዮርጊስ የታችኞቹ መስኮቶች በአራት ማዕዘናቸው የዝንጀሮ ራስ የወጣላቸው፣ ልክ እንደ አክሱም ናቸው፤ የላይኞቹ ደግሞ ጫፋቸው የሾለ፣ ሐረግ የሚጠመዘዝባቸው። የአክሱም ጌጥ ከሕንድ የመጣ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ሐውልት ማቆም ከቀረ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ላስታ ተራራ ላይ በቤተ ክርስቲያን መስኮት ባልተገኘ ነበር።

መልሱ የተገኘው በቀራጺ ብረት ሳይሆን በመለኪያ ገመድ ነው። በ1906 ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን ቡድን በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ አክሱም ገባ። ከቡድኑ ሁለት አርክቴክቶች ነበሩ፤ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ። ፎቶ ያነሳሉ፣ ይለካሉ፣ የግድግዳውን ስፋትና የጌጡን ጥልቀት በንድፍ ያሰፍራሉ። የቆሙትን ብቻ ሳይሆን የወደቁትን ሐውልቶችም ቁራጭ በቁራጭ ነደፉ። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ከሐውልቶቹ ጋር ሲያመሳክሩት ነገሩ ተገለጠ። በደብረ ዳሞ ግድግዳው የሚሠራው በድንጋይና በእንጨት ንብርብር ነው፤ እንጨቶቹን የሚያስሩት አግዳሚ ግንዶች ጫፋቸው ከግድግዳው ውጭ ይቀራል። የዝንጀሮ ራስ ማለት ያ የግንድ ጫፍ ነው። አክሱማዊው ጠራቢ በድንጋይ ላይ ያሰፈረው በሰፈሩ የሚያየውን ቤት ነበር፤ ሕንድ መሄድ አላስፈለገውም። በ1913 በርሊን ላይ የታተሙት የቡድኑ አራት ቅጾች ይህን ሁሉ በንድፍ አስረድተዋል።

የእነዚያ ንድፎች ዋጋ በይበልጥ የታየው በኋላ ነው። ቡድኑ ከለካቸው የአክሱም ቤተ መንግሥት ፍርስራሾች መካከል ትልቁ ታኣካ ማርያም የሚባለው ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራ በላዩ ላይ ታለፈና አብዛኛው ጠፋ። ዛሬ ስለዚያ ቤተ መንግሥት ቅርጽ የሚያጠና ሰው የሚከፍተው የ1906ቱን ንድፍ ነው። 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልትም በ1937 ወደ ሮም ከመወሰዱ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በወደቀበት ተነድፎ ነበር፤ በ2005 ተመልሶ በ2008 ተተክሏል።

ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ግን ከዚህ ታሪክ ያገኘው እጅግ ትንሽ ነው። ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ቆየ፤ በቀጣዩ ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ ከተማዋን ከሩቅ፣ ነዋሪዎቿንም በልብሳቸው ያሳያል። የሐረር ቤት ጌጥ ያለው ግን በውስጡ ነው፤ በደረጃ ከፍ በሚሉት መደቦች፣ በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩት መደርደሪያዎች፣ በስፌቶቹ አሰቃቀል። እንግዳ ሆኖ በጥርጣሬ ዓይን የሚታይ ሰው በዚያ ቁጭ ብሎ የሚሥልበት ጊዜ አልነበረም። ከግብፆች ይዞታ በኋላና በራስ መኮንን ዘመን ሕንዳውያን ነጋዴዎች ባለ እንጨት ፎቅና ባለ በረንዳ ቤቶችን አመጡ። ዛሬ «ራምቦ ቤት» የሚባለው ያጌጠ ሕንፃ ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1891 ከሞተ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው።

ድሬዳዋ ደግሞ በዘመኑ ደጃፍ ላይ ነው የደረሰችው። ንግሥት ቪክቶሪያ በጥር 1901 ሞተች፤ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1902 መጨረሻ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ ስትቆረቆር በአውሮፓ የእንጨት ቀራጺው ሥራ አጥቶ ነበር። ፎቶግራፍን ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ለውጦ ከፊደል ጋር የሚያትመው ዘዴ በ1890ዎቹ ጋዜጦችን ተቆጣጥሮ ነበርና። ቴዎዶር ቤንት በ1893 ስለ አክሱም ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንኳ የሥዕሎቹ መነሻ ባለቤቱ ሜብል ያነሳቻቸው ፎቶግራፎች ናቸው።

ስለዚህ ድሬዳዋ የፎቶግራፍና የፖስታ ካርድ ከተማ ሆነች። የምድር ባቡሩ ሠራተኞች፣ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ጣሊያኖች፣ ሕንዶችና የየመን ዐረቦች እያንዳንዳቸው የአገራቸውን እጅ አመጡባት። ከወንዙ ወዲህ ከዚራ ከለገሃር ተነስተው በሚዘረጉ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ በዛፍ ጥላና በበረንዳ ተሠራ፤ ከወንዙ ማዶ መጋላ በጠባብ መንገድና በሱቅ ደጅ አደገ። የከፊራ ገበያ በሮች በሙር ቅስት ቆሙ። ማተሚያ ቤትም አልቸገራትም፤ የካፑቺን ሚሲዮናውያን የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት መጀመሪያ ሐረር ላይ፣ ኋላም በድሬዳዋ መጻሕፍት ያትም ነበር። የከተማዋን በሮች፣ ፍርግርጎችና ቅስቶች ግን የፖስታ ካርዱ ከሩቅ አይቷቸው አለፈ።

ፎቶግራፍ የጌጡን ፊት ይሰጣል። የመስኮቱ ክፈፍ ስንት ጣት እንደሚገባ፣ የእንጨቱ ፍርግርግ እንዴት እንደተጋጠመ፣ ቅስቱ ከየት ማዕከል እንደተነሳ አይናገርም። የፈረሰን በር ከፎቶ መልሶ መሥራት ግምት ነው፤ ከንድፍ መሥራት ግን የአናጢ ሥራ ነው። አክሱምን ከሕንድ ተረት ያወጣት ይኸው ልዩነት ነው።

የዛሬው ግንባታ ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። በመልካ ጀብዱ አካባቢ የተዘረጋው የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና የተመረቀበት፣ ሰፋፊ ሼዶቹ ሁሉ በአንድ ንድፍ የተሠሩ ናቸው። የብረት ምሰሶ፣ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ጌጥ የለም። ይህ ነቀፌታ አይደለም፤ ሼድ የሚሠራው ለማሽንና ለዕቃ ነው። እንዲያውም ዘሩ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ይመዘዛል፤ የታጠፈ ቆርቆሮ በ1829 ለንደን ላይ በሄንሪ ፓልመር ስም በፓተንት የተመዘገበ ሲሆን፣ የዚያ ዘመን ፋብሪካዎች ተገጣጣሚ የቆርቆሮ ቤቶችን በሥዕል ካታሎግ እያስመረጡ ወደ ዓለም ሁሉ ይልኩ ነበር። ልዩነቱ የሼዱ እያንዳንዱ ቡሎን በንድፍ ተመዝግቦ መቀመጡ ነው። አንድ ሼድ ነገ ቢቃጠል ልኩን የሚነግር ወረቀት አለ።

ለከዚራና ለመጋላ አሮጌ ቤቶችም ያው ወረቀት ይገባቸዋል። የከተማዋ ሥራ ወደ መልካ ጀብዱ፣ የባቡሩም መንገድ በ2016 ወደተመረቀው አዲስ ሐዲድ ሲዞር፣ የአሮጌው ሰፈር መሬት ለባለ ፎቅ ግንባታ ይፈለጋል፤ ጌጡም ከቤቱ ጋር ይሄዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው የመዳብ ሰሌዳም፣ የሩቅ አገር ቀራጺም አይደለም፤ ሜትር፣ እርሳስና የባለቤቶቹ ፈቃድ ነው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለተማሪዎቻቸው በየዓመቱ አንድ መንገድ ቢመድቡ፣ የከተማው አስተዳደርም ንድፎቹን በመዝገብ ቤቱ ቢያስቀምጥ፣ ሥራው ከጽሕፈት ቤት ሳይሆን ከበር ይጀምራል። ከለገሃር ፊት ለፊት ባለው የመጀመሪያ በር ይጀመር።